ጤናንና ገቢን አጣምሮ የሚመጣ ግብዣ፡ በወረርሽኝ ወቅት ስለሚስፋፋው የኔትወርክ ሽያጭ

በዚህ መጽሐፍ ቀደምት ክፍሎች ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ ጭምብል አጠቃቀምና ስለ አካላዊ ርቀት ተመልክተናል። ይህ ክፍል ከእነዚያ በመጠኑ ይለያል፤ የሚመለከተው ቫይረሱን ሳይሆን፣ ቫይረሱ ያመጣውን ፍርሃት ተከትሎ ወደየቤታችን የሚገባውን የሽያጭ ዓይነት ነው። የጤና መመሪያ መጽሐፍ ስለ ንግድ ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገሩን እስከ ፍጻሜው የተከታተለ ሰው ግን፣ መነሻው ገበያ ይሁን እንጂ መድረሻው የሕመምተኛ አልጋ መሆኑን ይረዳል።

የኮቪድ-19 በሽታ በአገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ በኋላ ኅብረተሰቡ ሁለት ስጋቶችን ባንድ ትከሻ መሸከም ግድ ሆኖበታል። አንደኛው የበሽታው ስጋት ነው፤ ሁለተኛው የኑሮ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የተማሪ ሰርቪስ ሹፌሩ ሥራ ፈታ፤ ሠርግና ግብዣ ሲቀር የፀጉር ሥራ ባለሙያዋ ደንበኛ አጣች፤ ጎብኚ ሲጠፋ አስጎብኚው ቤቱ ተቀመጠ። ለእነዚህ ሰዎች «ቤትዎ ተቀምጠው ገቢ ያግኙ፤ ቤተሰብዎንም ከወረርሽኙ ይጠብቁ» የሚል ቃል ሲደርሳቸው፣ ሁለቱንም ስጋት ባንድ እጁ የሚያነሣላቸው ይመስላል። የአሠራሩ ኃይል ያለውም በዚህ ጥምረት ላይ ነው።

ግብዣው እንዴት ይመጣል?

ለትምህርቱ ያህል በተዘጋጀ ምሳሌ እንጀምር። አንዲት የፀጉር ሥራ ባለሙያ ሥራ ከቀዘቀዘባት ሁለት ወር ሆኗታል። የቤት ኪራይ አለባት፤ አብረዋት የሚኖሩት እናቷ የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኛ ናቸው። አንድ ቀን የቀድሞ የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ትደውልላታለች። ከሰላምታ በኋላ ስለ እናቷ ጤና በአሳቢነት ትጠይቃለች፤ ቀጥላም «እኔ እንኳ አንድ ነገር ጀምሬ ተመስገን ነው፤ በስልክ የሚነገር አይደለም፤ ቅዳሜ ላግኝሽ» ትላታለች። ቅዳሜ ስትመጣ ብቻዋን አይደለችም፤ በደንብ የለበሱና «አሠልጣኝ» የተባሉ ሰው አብረዋት አሉ። እናትየውን «እማማ፣ ይህንን በውኃ በጥብጠው ጠዋትና ማታ ቢወስዱ ስኳሩም ይስተካከላል፣ ይህ አሁን የመጣው በሽታም አይነካዎትም» ይሏቸዋል። ለልጅቱ ደግሞ፣ 6,000 ብር ከፍላ የመጀመሪያውን ጥቅል ብትወስድና አምስት ሰዎች ብታስገባ በጥቂት ወራት ውስጥ ከፀጉር ቤቱ የሚበልጥ ገቢ እንደምታገኝ በወረቀት ላይ ክብ እየሣሉ ያስረዷታል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ጉዳይ አለ። ጓደኛዋ አታላይ ላትሆን ትችላለች፤ አብዛኛውን ጊዜም አይደለችም። የነገሯትን አምና፣ ገንዘቧን አውጥታ፣ አሁን ያወጣችውን ለመመለስ የምትሯሯጥ ሰው ናት። በዚህ አሠራር ዋናው የሽያጭ መሣሪያ የጋዜጣ ማስታወቂያ ሳይሆን በዘመድ፣ በጎረቤት፣ በዕድርና በማኅበር መካከል ያለው መተማመን ነው። ለማያውቁት ሻጭ «አልፈልግም» ማለት ቀላል ነው፤ አብሮ አደግ ጓደኛን በር ላይ መመለስ ግን በእኛ ባህል ከባድ ነው።

ክቡ ሲሣል የማይታየው

የኔትወርክ ሽያጭ በሚባለው አሠራር አንድ ሰው ገቢ የሚያገኘው በሁለት መንገድ ነው፤ ዕቃውን ቸርችሮ በሚያተርፈውና እርሱ ያስገባቸው ሰዎች፣ እነርሱም ያስገቧቸው ሰዎች፣ ከሚገዙት ላይ በሚደርሰው ድርሻ። ገቢው በዋናነት ከእውነተኛ ደንበኛ የሚመጣ ከሆነ ነገሩ ንግድ ነው። ገቢው የሚመጣው አዲስ ከሚገቡ ሰዎች ክፍያ ከሆነ ግን ዕቃው ሽፋን ብቻ ይሆናል፤ ይህም የፒራሚድ ሽያጭ ይባላል። በአገራችን የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የፒራሚድ ሽያጭ ስልትን ይከለክላል።

በወረቀቱ ላይ የተሣለውን ክብ እስከ መጨረሻው እንከተለው። እያንዳንዱ ሰው አምስት ሰው ያስገባል እንበል። ከአንዱ ጀማሪ ሥር 5፣ ከእነርሱ ሥር 25፣ ቀጥሎ 125፣ ከዚያም 625 ይሆናሉ። እስካሁን የሚያስፈራ ነገር የለም፤ አሠልጣኙም ሥዕሉን የሚያቆሙት ብዙውን ጊዜ እዚህ አካባቢ ነው። ነገር ግን በ10ኛው ደረጃ 9,765,625 ሰዎች ያስፈልጋሉ። በ12ኛው ደረጃ ቁጥሩ ከ244 ሚሊዮን ያልፋል፤ ይህም የአገራችን ሕዝብ ሕፃናቱን ጨምሮ ቢቆጠር እንኳ የማይደርስበት ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ሰው ማለቁ አይደለም። ሥዕሉ በየትኛውም ደረጃ ላይ ቢቆም፣ ከጠቅላላው አባላት ከመቶ 80 ገደማ የሚሆኑት በመጨረሻው ረድፍ ላይ ይገኛሉ። ከእነርሱ ሥር ማንም የለም፤ ስለዚህ ከምልመላ የሚያገኙት ድርሻ የለም። ከእነርሱ በላይ ያለው ረድፍ ሌላ 16 ከመቶ ይይዛል። ሁለቱ ሲደመሩ ከመቶ 96 ይሆናሉ። ይህ ከስንፍና ወይም ከብርታት ጋር ግንኙነት የለውም፤ ሁሉም እኩል ቢተጉም ውጤቱ ይኸው ነው። የፀጉር ሥራ ባለሙያዋ ከስድስት ወር በኋላ «አልተጋሽም፤ አላመንሽበትም» ስትባል፣ የስሌቱ ስህተት የእርሷ ጉድለት ሆኖ እየተነገራት ነው።

ይህ የወረቀት ስሌት ብቻ ሆኖ አልቀረም። በአሜሪካ ቴክሳስ የሚገኘው አድቮኬር የኃይል ሰጪ መጠጦችንና የምግብ ማሟያዎችን በዚህ አሠራር ይሸጥ ነበር። የአገሪቱ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ኩባንያውን የፒራሚድ አሠራር በመከተል ከሰሰው፤ ኩባንያውም እ.ኤ.አ. በ2019 በስምምነት 150 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈልና ከዚህ የሽያጭ ዓይነት ሙሉ በሙሉ ለመውጣት ተስማማ። በክሱ ላይ እንደተመለከተው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ከአከፋፋዮቹ 72.3 ከመቶ የሚሆኑት ከኩባንያው ምንም ክፍያ አላገኙም፤ 18 ከመቶ የሚሆኑት በዓመት ከአንድ ሳንቲም እስከ 250 ዶላር፣ ሌሎች 6 ከመቶ ደግሞ ከ250 እስከ 1,000 ዶላር አገኙ። አከፋፋይ ለመሆን መነሻው 59 ዶላር ብቻ ቢሆንም፣ የሁሉም ዓይነት ክፍያ ተጠቃሚ ለመሆን ከ1,200 እስከ 2,400 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ መግዛት ያስፈልግ ነበር።

ከዚህ ክስ ውስጥ ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ከቁጥሩ ይልቅ ሌላ ነገር ነው። ኮሚሽኑ እንደገለጸው፣ አከፋፋዮቹ ከመግባታቸው በፊት ምን ያህል ተቸግረው እንደነበርና ከገቡ በኋላ እንዴት እንዳለፈላቸው ስሜት የሚነካ ታሪክ እንዲያዘጋጁ ይነገራቸው ነበር። ግብዣውን ያልተቀበለ ሰው በኋላ እንደሚጸጸት እንዲያስፈራሩም እንዲሁ። ስለዚህ በሳሎናችን የምንሰማው «ተቸግሬ ነበር፣ አሁን ግን ተመስገን» የሚለው ንግግር ከልብ የወጣ ሊሆን ቢችልም፣ በሥልጠና የተሰጠ ሊሆንም ይችላል።

«11,000 ብር ሠራሁ»

የገቢ ወሬ ሲነገር ውሸት ሳይኖርበትም ሊያሳስት ይችላል። ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። የፀጉር ሥራ ባለሙያዋ በዓመቱ ውስጥ ከሽያጭና ከኮሚሽን በድምሩ 11,000 ብር ሰበሰበች እንበል። ይህንን ለሌላ ሰው ብትናገር እውነት ተናግራለች። ነገር ግን ለመግቢያ 6,000 ብር ከፍላለች፤ «ንቁ አባል» ሆና ለመቆየት በየወሩ የ1,500 ብር ዕቃ ገዝታለች፣ ይህም በዓመት 18,000 ብር ነው፤ ለትራንስፖርትና ለስልክ በወር 400 ብር፣ በዓመት 4,800 ብር አውጥታለች። ወጪዋ 28,800 ብር ሆነ ማለት ነው። ኪሳራዋ 17,800 ብር ነው፤ በቁም ሣጥኗ ውስጥ ደግሞ የመጠቀሚያ ጊዜው ሊያልፍ የተቃረበ ዱቄት ተደርድሯል። ያ ዱቄት መሸጥ አለበት። በአንድ ተራ የምግብ ማሟያ ላይ «ከኮሮና ይከላከላል» የሚለው ቃል የሚጨመረውም ብዙውን ጊዜ በዚህ ሰዓት ነው።

የገቢው ተስፋና የጤናው ተስፋ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ዕቃው በገበያ ካሉት ተመሳሳይ ዕቃዎች ይልቅ ውድ ነው፤ ዋጋው ውስጥ ከላይ ያሉት ሁሉ ድርሻ አለና። «ጥሩ ቫይታሚን ነው» ተብሎ ብቻ በዚያ ዋጋ አይሸጥም። «ይፈውሳል» ከተባለ ግን ለእናቱ የማይገዛ ልጅ የለም።

የዳነ ይናገራል

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ በኮቪድ-19 ከሚያዙ ሰዎች ከመቶ 80 ያህሉ የሆስፒታል ሕክምና ሳያስፈልጋቸው ያገግማሉ። ይህንን ቁጥር ከምስክርነት ጋር አዛምደን እንመልከተው። ለመቶ ሕመምተኞች የገብስ ውኃ ብናጠጣ፣ 80ዎቹ ከጥቂት ቀናት በኋላ ተሽሏቸው «የገብስ ውኃው አዳነኝ» ሊሉ ይችላሉ። ሁሉም እውነተኞች ናቸው፤ ጠጥተዋል፣ ድነዋልም። ያዳናቸው ግን የራሳቸው ሰውነት ነው። የተባባሰባቸውና ያረፉት በቴሌግራም ቡድን ውስጥ ድምፃቸውን ቀርጸው አይልኩም።

በገንዘቡም በኩል ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። በታችኛው ረድፍ የቀሩት ብዙዎች አይናገሩም፤ ያፍራሉ፤ ወይም ያስገቧቸውን ዘመዶቻቸውን ላለማስቀየም ዝም ይላሉ። የሚሰማው የጥቂቶቹ ድምፅ ነው። አንድ መድኃኒት መሥራቱ የሚታወቀው የወሰዱትና ያልወሰዱት በተመሳሳይ ሁኔታ ተነጻጽረው፣ የከሸፈውም የተሳካውም አብሮ ሲቆጠር ነው። አንድ ሺህ ምስክርነት ቢሰበሰብ ይህንን ንጽጽር አይተካም።

ከኢቦላ እስከ ኮሮና

እንዲህ ያለው ሽያጭ ከኮቪድ-19 ጋር አልተወለደም። እ.ኤ.አ. በ2014 የኢቦላ ወረርሽኝ ምዕራብ አፍሪካን ሲያስጨንቅ፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ያንግ ሊቪንግና ዶቴራ ለተባሉ ሁለት የኔትወርክ ሽያጭ ኩባንያዎች በመስከረም ወር የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፏል። ምክንያቱም የኩባንያዎቹ ሻጮች ከዕፅዋት የሚጨመቁ ዘይቶች ኢቦላን ጨምሮ በርካታ በሽታዎችን እንደሚከላከሉ ወይም እንደሚያድኑ በማስተዋወቃቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 ደግሞ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽኑ ለአሥር የኔትወርክ ሽያጭ ኩባንያዎች፣ በጁን ለተጨማሪ ስድስት፣ ደብዳቤ ላከ። አንዳንዶቹ የተወቀሱት ምርታቸው ኮሮናን ይከላከላል ወይም ያክማል በመባሉ፣ ሌሎቹ በወረርሽኙ ገቢ ያጡ ሰዎች ብዙ ገንዘብ እንደሚያገኙ በመነገሩ፣ የቀሩት በሁለቱም ነው። ኮሚሽኑ ኩባንያዎቹ ሻጮቻቸው ለሚናገሩት ጭምር ተጠያቂ መሆናቸውን አስታውቋል። ይህ ነጥብ ቀላል አይደለም፤ ኩባንያው በመለያ ወረቀቱ ላይ ጥንቃቄ የተሞላበት ቃል ይጽፋልና፣ የማይጻፈው በሻጩ አፍ ይነገራል፤ ችግር ሲመጣም «እኛ አላልንም» ለማለት ያመቻል። የእነዚህ አገሮች መልእክት ወደ እኛ ለመድረስ ጊዜ አይወስድበትም። በውጭ የሚኖር ዘመድ በቅንነት ያስተላለፈው ቪዲዮ በዚያው ምሽት በቤተሰብ ቡድን ውስጥ ይገኛል።

«ያግዛል» እና «ይፈውሳል»

የምግብ ማሟያ ከመድኃኒት የሚለይበት መስመር አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት የምግብ ማሟያ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ፈዋሽነቱን ለመንግሥት እንዲያረጋግጥ አይገደድም፤ በልዋጩ በሽታን ያክማል፣ ይፈውሳል ወይም ይከላከላል ብሎ መናገር አይፈቀድለትም። ስለዚህ «ከአሜሪካ የመጣ ነው» ወይም «በአሜሪካ በነጻነት ይሸጣል» መባሉ መድኃኒትነቱን አያሳይም። በአገራችንም አንድ መድኃኒት ተመዝግቦ የገበያ ፈቃድ ሳያገኝ በሥራ ላይ መዋል የለበትም፤ የዚህ ሥልጣን ያለው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። የንግድ ፈቃድ፣ የግብር መለያ ቁጥር ወይም በአዳራሽ የተነሣ የምርቃት ፎቶግራፍ ይህንን ምዝገባ አይተካም።

«የመከላከል አቅምን ያግዛል» የሚለው አባባል ለብቻው ሲታይ ጉዳት ያለው አይመስልም። በደንብ መመገብ፣ መተኛትና አለማጨስም የመከላከል አቅምን ያግዛሉ። በወረርሽኝ መካከል ግን ሰሚው የሚሰማው «አይዝህም» የሚለውን ነው፤ ተናጋሪውም ይህንን ያውቃል። የዓለም ጤና ድርጅት የቫይታሚንና የማዕድን ማሟያዎች ኮቪድ-19ን እንደማይፈውሱ በግልጽ አስታውቋል። በነገራችን ላይ፣ ይህ ትምህርት ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አፍልቶ የሚጠጣውን ሰው ለመገሠጽ የተጻፈ አይደለም። ያ ሰው የሚጠጣው ወጥ ቤቱ ያለውን ነው፤ ጭምብሉን እስካልተወ፣ ሲያመው ወደ ጤና ተቋም መሄዱን እስካላዘገየ ድረስ የሚያጣው ነገር የለም።

ጉዳቱ የሚደርስበት ሰዓት

የእናትየውን ጉዳይ ሳንጨርስ ትተነዋል። ዱቄቱን መውሰድ ጀምረዋል። «ይህ ሁለቱንም ይተካል» ስለተባሉ የስኳር ክኒናቸውን አንድ ቀን ይወስዳሉ፣ አንድ ቀን ይተዋሉ። ራሳቸውን ሲያዞራቸውና ውኃ ውኃ ሲላቸው ለልጃቸው ይናገራሉ። ልጅቱ ጓደኛዋን ትጠይቃለች፤ ጓደኛዋም የራሷን አለቃ። መልሱ «ጥሩ ምልክት ነው፤ መርዙ እየወጣ ነው» የሚል ይሆናል። ይህ መልስ ከሁሉ የከፋ ነው። ሲሻል ዕቃው ሠራ ይባላል፤ ሲብስም እየሠራ ነው ይባላል። እንዲህ ባለ አነጋገር ውስጥ ለሐኪም ቤት የቀረ ቦታ የለም።

ስኳር፣ ደም ግፊትና የልብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በኮቪድ-19 ሲያዙ ለጽኑ ሕመም የተጋለጡ ናቸው። መድኃኒታቸውን ያቋረጡ ከሆነ አደጋው ይጨምራል። ሌላም ነገር አለ። በሽታው በብዙዎች ላይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀለል ያለ ይመስላል፤ የትንፋሽ ማጠር የሚመጣው ምልክቱ ከታየ ከሳምንት ገደማ በኋላ ሊሆን ይችላል። በአራተኛው ቀን «ዱቄቱ አሻለኝ» ብሎ የተዘናጋ ሰው፣ በስምንተኛው ቀን ኦክስጅን የሚያስፈልገው ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በዚህ መካከል ተጠብቄያለሁ ብሎ ጭምብሉን አውልቆ ለቅሶ ቤት ደርሶ ከሆነ ደግሞ ጉዳቱ የእርሱ ብቻ አይሆንም።

ግብዣው ሲደርስዎ፣ ወይም አስቀድመው ገብተው ከሆነ

ጋባዥዎን ማዋረድ አያስፈልግም። ሦስት ነገሮችን በትሕትና መጠየቅ ይበቃል። ዕቃው በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተመዝግቧል ወይ? ከተመዘገበስ በመድኃኒትነት ነው ወይስ በምግብነት? ባለፈው ዓመት ካወጡት ወጪ ላይ የተረፈዎት ስንት ነው? ይህንን በሽታ ይከላከላል የሚለውን ቃል ጽፈውና ፈርመው ይሰጡኛል? በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ብዙ ጊዜ ወሬው ይለወጣል። «ዛሬ ካልወሰኑ ዕድሉ ያመልጥዎታል» ከተባሉ ለመወሰን አንድ ሳምንት ይጠይቁ፤ ትክክለኛ ሥራ አንድ ሳምንት መጠበቅ አይከብደውም።

አስቀድመው ገንዘብ ከፍለው ከሆነ፣ የከፈሉትን ለመመለስ ሲሉ ሌላ ሰው አያስገቡ። ደረሰኝዎን፣ ውልዎንና የተላኩልዎትን መልእክቶች ያስቀምጡ፤ ለንግድ ቢሮ ወይም ለሸማቾች ጥበቃ አካል አቤቱታ ሲያቀርቡ ያስፈልግዎታል። ስለ ምርቱ ደኅንነት ጥርጣሬ ካለዎት በ8482 ለባለሥልጣኑ ያሳውቁ። የኮቪድ-19 ምልክት ከታየብዎ ወይም ምክር ካስፈለግዎ በ8335 ወይም በ952 በነጻ መደወል ይችላሉ።

በቤትዎ የሐኪም መድኃኒቱን ትቶ የምግብ ማሟያ የሚወስድ ሰው ካለ ቁጣ አይጠቅምም፤ ቁጣ ሲበዛ ሕመምተኛው መውሰዱን ሳይሆን መናገሩን ያቆማል። ከተወ ስንት ቀን እንደሆነው በእርጋታ ይጠይቁት። መድኃኒቱንም በራስዎ ግምት መጠን ጨምረው አያስጀምሩት። የማሟያውን ዕቃ ከነማሸጊያው ይያዙና አብረው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ባለሙያው ምን እንደወሰደና ለስንት ጊዜ እንደወሰደ ማወቅ ይኖርበታል። መሄድ የማይቻል ከሆነ ለአካባቢዎ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በስልክ ይንገሩ፤ የማሸጊያውንም ፎቶግራፍ ይላኩላት።